ከለሚ አፋፍ ላይ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥተህ በጫንጮ በኩል ሙከጡሪ ስትደርስ የጎጃሙን አውራ ጎዳና ትተህ ወደ ቀኝ ታጠፍ። የጤፍና የስንዴ ማሳ ግራና ቀኝ እየሸኘህ ለሚ ትገባለህ። ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ከተማ ናት። በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ ስሟን በሩቅ አሰምቶላታል። እኔ ግን ላሳይህ የፈለግሁት አፋፉን ነው። ሜዳው በድንገት ያልቅና የጀማ ሸለቆ ከእግርህ ሥር ይከፈታል። ማዶው መርሐ ቤቴ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርድና ጀማን ተሻግሮ ወደ ዓለም ከተማ ይወጣል።

አንድ ቀን ተማሪዎቼን እዚህ አፋፍ ላይ አቁሜ ስለ አምስቱ ዘመን አርበኞች ሳስረዳ፣ ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ «መምህር፣ እዚያ ታች የቆሰለውን ማን ያክመው ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የተሟላ መልስ አልሰጠሁትም። ያን ዕዳ እነሆ ዛሬ እከፍላለሁ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ወር ያህል ሲቀረው ነበር። በዚያው ወር አገራችን ቁስለኞችን የሚጠብቀውን የጄኔቭ ውል ተቀበለች። ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድና ከግብፅ የሕክምና ጓዶች መጡ። የጦር ሜዳ ሆስፒታል ማለት ድንኳን፣ ቃሬዛ፣ የቀዶ ሕክምና ገበታና ካሚዮን ነው፤ ጦሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል። መከላከያው በድንኳኑ ላይና በመሬት ላይ የሚዘረጋው ቀይ መስቀል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ምልክቱ አላዳናቸውም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ላይ የነበረው የአሜሪካኖች ሆስፒታል በአይሮፕላን ተደበደበ። ታኅሣሥ 20 ቀን በገናሌ ወንዝ አጠገብ፣ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድኖቹ ድንኳን ተመታ፤ የተኙ ቁስለኞች አለቁ፣ አስታማሚው ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፣ አለቃቸው ዶክተር ሂላንደር ቆሰለ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ ኮረም አጠገብ የሰፈረው የእንግሊዞች ጓድ ተራው ደረሰ። ወደዚህ ጓድ በመርዝ ጋዝ ቆዳቸው የተላጠና ዓይናቸው የታወረ ሰዎች እየተመሩ ይመጡ ነበር።

የጓዱ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሚያዝያ 25 ቀን ከተማይቱ በዘረፋ ስትታመስ የወደቁትን ከመንገድ እያነሣ ሳለ በጥይት ተመታ፤ ጠላት ዋና ከተማችንን በያዘበት ዕለት፣ ሚያዝያ 27 ቀን ዐረፈ።

የእነዚያ ካሚዮኖች መንገድ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ ነበር እንጂ በለሚ አላለፈም። እንግዲህ ለልጁ ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ራስ አበበ አረጋይና ጓደኞቻቸው በሸዋ ተራራና ገደል አምስት ዓመት ሲዋጉ ባለ ቀይ መስቀል ድንኳን አልተከተላቸውም። ስብራቱን ወጌሻ ጠገነ፤ ቁስሉን ሴቶች በማርና በቅቤ አስታመሙ፤ ያልዳነውም በዚያው ተቀበረ። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ የተጠለሉት ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፣ የመርዝ ጋዝ ወረደባቸው። ለዚያ ቁስል ወጌሻም ማርም አይበቃም ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በነሐሴ 1941 ዓ.ም.፣ መንግሥታት ውሉን አድሰው በአራት ስምምነቶች አጸኑት። ነገር ግን ወረቀት ብቻውን ጥይት አይመልስም፤ ምልክቱን የሚያከብር ሰው ያስፈልጋል። አንተ ተማሪ ብትሆን ደም ማቆምና ስብራት ማሰር ተማር፤ ጸሐፊ ብትሆን የአምቡላንስ ጉዳይ የያዘ ወረቀት በገበታህ ላይ አይደር። ከለሚ አፋፍ ቁልቁል ስታይ፣ ቃሬዛ ሳይደርስለት የቀረውን ሰው አስብ።