ዜሮ ዘጠኝ ወይስ ዜሮ ሰባት?

አገሬን ለቅቄ ስወጣ ሲም ካርድ ተመዝግቦ፣ ወረፋ ጠብቆ የሚገኝ ነገር ነበር። ዋሽንግተን ሆነን ቤተሰብ ስንጠይቅም ከሐበሻ ሱቅ የስልክ ካርድ ገዝተን፣ ረጅሙን የሚስጥር ቁጥር ጠቅጥቀን፣ "ሃሎ! ይሰማል?" ስንባባል ደቂቃው ያልቅብናል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ስመለስ ከአዳዲሶቹ ሕንፃዎች ይልቅ ቀልቤን የሳቡት ሜክሲኮ አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ሲም የሚሸጡት ወጣቶች ናቸው።

"ጋሼ፣ ሲም ላውጣልዎት?" አለኝ አንዱ። ጥቂት እንደተራመድኩ የሌላኛው ኩባንያ ሻጭ፣ "የኛንም ይሞክሩት እንጂ!" አለችኝ። ቆምኩላት። ፓስፖርቴን በስልኳ ፎቶ አነሳች፣ ፊቴንም አነሳች፣ መዘገበችኝ፣ ፓኬጁን ራሷ ሞላችልኝ፤ ኢንተርኔቱ መሥራቱን ሳታይ አለቀቀችኝም። በአገሬ ስልክ የሚሸጥ ሰው ደንበኛን ሲለማመጥ ማየት ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ስልክ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ዘርፉ ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ቆይቷል። ሳፋሪኮም የመራው ጥምረት በግንቦት 2013 የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ፤ ድሬዳዋ ላይ ሞክሮ መስከረም 26 ቀን 2015 አዲስ አበባ ላይ በይፋ ሥራ ጀመረ። የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮምም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ገና በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን ከ40 በመቶ በላይ ቀንሷል፤ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱን ቴሌብርን የጀመረውም በዚያው በግንቦት 2013 ነው። የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ተፎካካሪ እንደሚመጣ መታወቁ ብቻውን ብዙ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

የእህቴ ልጅ ስልኳ ላይ በዜሮ ዘጠኝ የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮምም፣ በዜሮ ሰባት የሚጀምረው የሳፋሪኮምም ሲም አለ። "ዘጠኙ መደወያዬ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በሱ ነው። ዳታ ግን ከሁለቱ የረከሰውን እያየሁ ነው የምገዛው" አለችኝ። ጥናቷን በስልኳ የምትከታተል ተማሪ ናት፤ ጥቂት ብር ልዩነት ለሷ ትንሽ አይደለም።

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለው የሚኖሩት አክስቴ ዘንድ ግን ምርጫ የሚባል ነገር የለም። የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ከግቢ ወጥቶ ጉብታው ላይ ለቆመ ሰው ነው። አክስቴ ከልጃቸው ጋር ለማውራት በሰባ ዓመታቸው ያን ዳገት ይወጣሉ። ከዚህ የባሰም አለ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የዘጠኙም የሰባቱም ደንበኛ እኩል ተዘግቶበታል፤ ውጭ ያለነው ለወራት የወላጆቻችንን ፊት ሳናይ ከረምን። ይህን ፉክክር አይፈታውም። የሚዘጋውም የሚከፍተውም መንግሥት ነውና መልስ መስጠት ያለበትም እሱ ነው።

ሁለቱን ኩባንያዎች የምለምነው ፉክክራችሁን ከአስፋልቱ ዳር አሻግሩት ብዬ ነው። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም የገጠሩን ሽፋን አጥብቆ ይጠይቃቸው። ውጭ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ ለወላጆቻችሁ ስልክ ስትልኩ ሁለት ሲም የሚይዘውን ምረጡ፤ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊትም በቀያቸው የትኛው ኔትወርክ እንደሚሠራ ጠይቋቸው።