ዳገት የጠላ ጎንደር አይመደብ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲወጣ ተማሪ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዶርሙ ስንት ሰው ይይዛል? ውሃ አለ? ይበርዳል ይሞቃል? ምግቡስ? (ስለ ምግቡ መልሱ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አንድ ነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።) ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ከተማው ሜዳ ነው ወይስ ዳገት? እኛ ከ2003 እስከ 2005 ዓ.ም. ጎንደር ተምረን ወጣን። ዲግሪያችን ስንቱ ሥራ ላይ እንደዋለ አትጠይቁን። ዳገቱ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቅመናል።

«እኛ» ስንል አራት ነን። አንዱ የሐዋሳ ልጅ ነው፤ ብስክሌት ለምዶ ስላደገ መጀመሪያ ቀን «እዚህ ብስክሌት የሚያከራይ የት ነው?» ብሎ ጠይቆ ማራኪን አስቋል። አንዷ የጅማ ናት። ሁለታችን ደግሞ የአዲስ አበባ ልጆች፣ እንጦጦን ከታክሲ መስኮት ያየን፣ ስለዚህም ዳገት የምናውቅ የሚመስለን። ዕድል ካልሆነ በቀር እኛን አራታችንን አንድ ጎዳና ላይ የሚያገናኝ ነገር አልነበረም።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ከፍ ብላ በሁለት ወንዞች መሐል ትቀመጣለች። በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ከተማው የተዘረጋው በሁለቱ መሐል ባለው ጀርባ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ይኼ የጂኦግራፊ ትምህርት ይመስላል፤ እግር ላይ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ወደ ግራም ሂዱ ወደ ቀኝ ትወርዳላችሁ፤ ስትመለሱ ትወጣላችሁ። አቅጣጫ ስትጠይቁ «ወደ ሰሜን» የሚላችሁ የለም። «ወደ ላይ ነው» ወይም «ወደ ታች ነው» ትባላላችሁ፤ በቃ። ባጃጁ እንኳን ሦስት ሰው ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር ያቃስታል፤ አጠገቡ በእግሩ የሚሄደው ሰው በልጦት ይሄዳል።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ይህን ቦታ ሲመርጡ ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተነሡ፣ ድንኳን እየተከሉ የኖሩ ነበሩ። ድንኳኑ ታጥፎ ግንብ የተተካው እዚህ ነው። 900 ሜትር የሚሆነው ቅጥር የሚከብበው ፋሲል ግቢ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ይህንን አስጎብኚው ይነግራችኋል። አስጎብኚው የማይነግራችሁ በቅጥሩ ውጪ መሄድን ነው። ቅጥሩን ተከትላችሁ አንድ ዙር ስትዞሩ፣ መንገዱ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል፣ መልሶ ይወጣል፤ ግንቡም በየደረጃው መልኩን ይለውጣል። አንዴ ከላያችሁ ቆሞ ያያችኋል፤ አንዴ ከዛፎች በላይ ጉልላቱ ብቻ ብቅ ይላል። እኛ ለመግቢያ ትኬት ብር ያወጣነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዙሪያው የሄድነውን ግን ማን ይቆጥረዋል?

ከዚያ ፒያሳ አለ። ጣሊያኖች ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የመጨረሻው ጦራቸው ኅዳር 1934 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ላይ እጁን እስኪሰጥ ድረስ በነበሩበት ጊዜ የሠሯቸው ሕንፃዎች ዛሬም አሉ። ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው፣ ጥጋቸው የተሞረደ የሚመስል ሱቆች። የአዲስ አበባዎቹ እኛ «ፒያሳ የኛ ናት» ብለን ለመከራከር ሞክረን ነበር። አንድ ሊስትሮ «ታዲያ የናንተዋ ቤተ መንግሥት አጠገቧ አላት?» አለን። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የጎንደር ዳገት ትልቁ ሥራ ግን ሰው ማገናኘቱ ነው። ሜዳ ላይ ሰው ሰውን ያልፋል። ዳገት ላይ ግን ሁሉም ያለከልካል፤ ተማሪውም፣ ዶክተሩም፣ እንጨት የተሸከመችው እናትም። ቆም የሚባልበት ቦታ የታወቀ ነው፤ የድንጋይ ጥግ፣ የዛፍ ጥላ፣ የሱቅ ደጃፍ። እዚያ ቆማችሁ ትንፋሽ ስትሰበስቡ ዝም ማለት ነውር ነው። «በርቱ ልጆቼ» ይሏችኋል። «ይበርቱ እናቴ» ትላላችሁ። ቀጥሎ «የማን አገር ልጆች ናችሁ?» ይመጣል። የጅማዋ ልጅ «ጅማ» ስትል አንዲት እናት «ውይ፣ የቡና አገር! ታዲያ የኛን ቡና ሳትቀምሺ ልትሄጂ ነው?» ብለው አራታችንንም ይዘውን ገቡ። ሦስተኛው ስኒ እስኪጠጣ ድረስ ክፍል አመለጠን። ያ ቤት ለሦስት ዓመት ቤታችን ሆነ። ሽልጦ ሲጋገር እንጠራ ነበር። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ እኒያን እናት «እንዴት ዋሉ» ብለን እናልፋቸው ነበር።

እይታውም ለብቻው ይነገርለት። ከሰሜን በኩል ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ አለ። ጎሕ በግዕዝ ንጋት ማለት ነው። እኛ ግን የምንወጣው ለማታ ነበር፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አራት ሰው ሆነን ሁለት ማኪያቶ ለመጠጣት። (አስተናጋጁ ቀስ በቀስ ለምዶን ነበር።) ከዚያ ወደ ደቡብ ስታዩ ግንቡ መሐል ላይ ቁጭ ብሏል። በግራ የአንገረብ ሸለቆ፣ በቀኝ የቀሃ። ቆርቆሮው ሁሉ የመጨረሻዋን ፀሐይ ይዞ ይነዳል። ከዚያ ማራኪን ትፈልጋላችሁ፤ ዶርማችሁን ትፈልጋላችሁ፤ የክብሪት ቀፎ አክሎ ታገኙታላችሁ። በዚያች ቀፎ ውስጥ ነው እንግዲህ ትናንት ለአንድ «ሲ ማይነስ» ዓለም ያለቀባችሁ። ያን ጊዜ ከኮረብታው ላይ መሳቅ ይመጣል።

ነገር ግን ዳገቱን ብቻ አወድሰን ብንተወው ለከተማው ሰው ውሸት ይሆናል። አፈሩ ከተራቆቱት ኮረብታዎች እየታጠበ የከተማውን ውሃ የሚይዘውን የአንገረብ ግድብ በደለል ሞልቶታል። ውሃ የጠፋበት ሳምንት ቢጫ ጀሪካን ይዘው ዳገቱን የሚወጡት ሴቶች «እይታው ያምራል» የሚል ተማሪ ሲያዩ ምን እንደሚሉ እናውቃለን፤ ሰምተናልና። እይታ የሚያምረው እጅ ባዶ ሲሆን ነው። እኛም ይህንን ያወቅነው ጀሪካኑን ተቀብለን ስንሸከም ነው እንጂ ከጎሃ ላይ ሆነን አይደለም።

ደግሞ ይህ ከግቢ ወጥቶ የሰውን ኑሮ ማየት የኛ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር መነሻው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ከዓመት በፊት ደንቢያ ላይ ገብቶ ሕዝቡን የፈጀ። ስለዚህ ከጅምሩ ተማሪውን ክፍል ውስጥ ቆልፎ ማስተማር ትርጉም አልነበረውም። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገጠር የሚሰማሩበት ሥልጠና ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ የተወለደው በሩን ከፍቶ ለመውጣት ነው።

ይህን ሁሉ የምናወራው ለትዝታ ብቻ ቢሆን ዝም ባልን ይሻል ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ ላይ ውጊያው ጎንደር ከተማ ውስጥ ገባ፤ በረራም ለቀናት ተቋረጠ። እኛ ትንፋሽ የሰበሰብንባቸው ጥጎች ሌላ ሰው ሌላ ነገር ሸሽቶ የሚጠለልባቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ የአንዳችን ታናሽ እህት እዚያው ተመደበች። እናቷ በየቀኑ ይደውላሉ፤ በየቀኑ የሚሉት አንድ ነው፦ «ከግቢ እንዳትወጪ፣ የኔ ልጅ።» እናት ናቸው፤ ልክ ናቸው። እኛም በእሳቸው ቦታ ብንሆን ሌላ አንልም።

ልጅቷ ግን አንድ ማታ ደውላ «እስኪ ንገሩኝ፣ ከተማው ምን ይመስላል?» አለችን። አስቡት፤ ያለችው እሷ ናት፤ የምትጠይቀው አዲስ አበባ የተቀመጥነውን እኛን ነው። ከየአገሩ ልጆች አምጥቶ አንድ ዶርም ውስጥ ማስተኛት ብቻውን አገር አያስተዋውቅም። ዶርም ውስጥ የሚገኘው ሌላ ተማሪ ነው። ጎንደሬውን እኛ ያገኘነው ዳገቱ ላይ ነው። መንገዱ ሲዘጋ የሚቀረው ምደባው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቀኑ ሲፈቅድ የምትሄድበትን መንገድ ጻፍንላት። መጀመሪያ ጠዋት ወደ ፒያሳ ውጪ፣ በባጃጅ ሳይሆን በእግርሽ። ከዚያ ቁልቁል ወደ ፋሲል ግቢ፤ ቅጥሩን ዙሪው። ጃንተከል ዋርካ ሥር ዕረፊ። ሌላ ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማውን ሲያቃጥሉ የተረፈው ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት አንቺን እንደሚያዩ ቀና ብለሽ እዪ። ሦስተኛ ቀን ወደ ቁስቋም፤ እቴጌ ምንትዋብ ከቤተ መንግሥቱ ግርግር ራቅ ብለው የሠሩት ነው፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ደርሶበታል። ጎሃን ለመጨረሻ አቆዪው፤ ሁለት ማኪያቶ ለአራት ሰው ይበቃል።

በየመንገዱ ሲደክምሽ ቁሚ። አጠገብሽ የቆመውን ሰው ሰላም በይ። «የማን አገር ልጅ ነሽ?» ሲሉሽ ሳትፈሪ የምትመልሺበት ቀን ይምጣ።