በ6 እጥፍ የሚሰጠን እናገኝ ይሆን?



እዚህ ለንደን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ስለ ኒካሕና ስለ ጦሃራ ከሚጠይቁኝ ይልቅ አሁን አሁን ስለ ቤት የሚጠይቁኝ በዝተዋል። «ኡስታዝ፣ ደመወዝን 6 ጊዜ አባዝቶ የሚሰጥ አለ አሉ፤ የት ነው?» እኔ የኢማሙ ረዳት እንጂ የባንክ ሰው አይደለሁም። ሲደጋገምብኝ ግን ማጣራት ግድ ሆነ።

በዚህ አገር አብዛኛው አበዳሪ ከታክስ በፊት ያለውን የዓመት ገቢ በ4 ተኩል አባዝቶ እዚያ አካባቢ ይቆማል። በ2014 ማዕከላዊ ባንኩ 4 ተኩል እጥፍና ከዚያ በላይ የሆኑ ብድሮች ከአዲሶቹ 15 በመቶ እንዳያልፉ ገደብ አስቀምጧል። ከዚያ በላይ የሚሰጥ አለ፣ ለሁሉ ግን አይዳረስም። ኔሽንዋይድ ለመጀመሪያ ቤት ገዢዎች በ2021 5 ተኩል፣ በ2024 ደግሞ 6 እጥፍ ፈቅዷል። እሱ ግን ወለድ ነው።

የእኛ መንገድ ሙሻረካ ነው፦ ቤቱን ከባንኩ ጋር በሽርክና ገዝቶ፣ ለባንኩ ድርሻ ኪራይ እየከፈሉ ድርሻውን በየወሩ መግዛት። የ2003ቱ የፋይናንስ ሕግ ድርብ የስታምፕ ግብርን ካስቀረ ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ሐላል ነው ማለት ግን ገቢ አይመዘንም ማለት አይደለም። እነሱም ፔይስሊፕ ያያሉ፣ ልጆች ይቆጥራሉ፣ የመኪና ዕዳ ይጠይቃሉ።

ባልና ሚስት በዓመት 54,000 ፓውንድ ያገኛሉ እንበል። በ4 ተኩል 243,000፣ በ6 ደግሞ 324,000 ይሆናል። በ5 በመቶ ተመንና በ30 ዓመት ብናሰላው የወሩ ክፍያ ከ1,304 ወደ 1,739 ፓውንድ ይወጣል። ልዩነቱ 435 ነው። ለብዙዎቻችን ደሴና ጅማ ላሉ ወላጆች የሚላከው ከዚችው ውስጥ ነው። ተመኑ ሲታደስ ከፍ ካለማ አስቡት።

ባለፈው ዓመት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ወንድማችን መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን በነጻ ቁርኣን ያስቀራል፣ አላህ ይቀበለው። «በወር 600 ፓውንድ እንከፍለዋለን ብላችሁ ደብዳቤ ጻፉልኝ» አለኝ። አሰላሁት፦ በዓመት 7,200፣ በ5 ተኩል ሲባዛ 39,600 ፓውንድ። አንዲት ወረቀት ይህን ያህል ታወጣለች! «አኺ፣ አልጽፍም። በአገሩ ሕግ ማጭበርበር ነው፣ በዲናችን የሐሰት ምስክርነት» አልኩት። አራት ልጆች በአንድ መኝታ ቤት እንደሚያድሩ አውቃለሁ፤ ስመልስለት ዓይኑን ማየት ከብዶኝ ነበር። ሰላምታው እስከ ዛሬ እንደቀዘቀዘ ነው።

ያኔ ያልኩትን ለእናንተም ልበል። ሐላል ፋይናንስ የሚያውቅ ብሮከር ፈልጉ፤ በብሮከር ብቻ የሚሠሩ አቅራቢዎች አሉ። ኦቨርታይምን አንዱ ግማሹን ይቆጥራል፣ ሌላው ሙሉውን፤ የ6 እጥፍ ወሬ ከማሳደድ ይህን መጠየቅ ይበልጣል። የመኪና ዕዳችሁን አስቀድማችሁ ዝጉ።

ዕቁብ የደረሳችሁ ደግሞ ገንዘቡ ድንገት አካውንት ላይ ሲያርፍ ጠበቃው «ከየት መጣ?» ማለቱ አይቀርም። የየወሩን መዋጮ በባንክ ላኩ፤ ዳኛውም ስማችሁንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምላችሁ።