ስለ ባጃጅ ሞተር ሙቀትና ስለ ዕረፍት

ሙቀት የሥራ ጓደኛ ነው። ወፍጮ ሲፈጭ ድንጋዩ ይሞቃል፤ ገበሬ ሲያርስ ግንባሩን ያልበዋል፤ ሞተርም ሲሠራ ይግላል። ስለዚህ የሞተርን ሙቀት ፈጽሜ አጠፋለሁ የሚል ሰው ሥራውንም አጠፋለሁ ማለቱ ነው። ከአስተዋይ ሰው የሚጠበቀው ሙቀቱን በልክ መያዝና መውጫውን አለመዝጋት ነው።

የምኖረው በድሬዳዋ ነው። ከተማችን በ1902 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የባቡር ሐዲድ ሲደርስባት የተቆረቆረች ስለ ሆነች፣ ብረትና ሞተር ለሕዝቧ እንግዳ አይደሉም። ዛሬ ደግሞ ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን ሲመላለስ ይውላል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን ሰውም ብረትም ይፈተናል።

እኔ ለብዙ ዘመን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ካጠራቀምሁት ገንዘብ አንዲት ባጃጅ ገዝቼ ለሰፈራችን ወጣት ሰጥቻለሁ። እርሱ ይነዳል፤ የተስማማንበትን ገንዘብ በየማታው ያመጣል፤ የተረፈው የእርሱ ነው። እንግዲህ ያቺ ትንሽ ሞተር የሁለት ቤት እንጀራ ተሸክማለች።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ቤንዚን ሲቃጠል ከሚወጣው ኃይል ጎማውን ለማዞር የሚውለው ከሦስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ገሚሱ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ ገሚሱ በሲሊንደሩ ብረት ላይ ያርፋል። በመኪና ይህን ሙቀት ውሃ ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ያደርሰዋል። እንደ እኛዋ ያለች ባጃጅ ግን ራዲያተር የላትም። በሲሊንደሩ ዙሪያ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ፤ ሙቀቱን ለነፋስ የሚያስረክቡት እነርሱ ናቸው። የሞተር ብስክሌት ሞተር ተገልጦ ስለሚሄድ ነፋሱን ከመንገድ ያገኛል። የባጃጅ ሞተር ግን ከኋላ፣ ከተሳፋሪው ወንበር በታች የተሸሸገ ስለ ሆነ ነፋስ የሚያቀብለው ማራገቢያ ተሠርቶለታል። ጥበቡ የቆየ ነው፤ የጣሊያኑ ፒያጆ ኩባንያ በ1946 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው ቬስፓም የተሸፈነ ሞተሩን የሚያበርደው በማራገቢያ ነበር።

አሁን አንባቢ ልብ ይበል። ማራገቢያውን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ነፋሱ ይበዛል፤ ሞተሩ ሲያዘግም ነፋሱ ያንሳል። ሦስት ሰው ከነዕቃው ጭኖ ዳገት የሚወጣ ሹፌር ማርሹን ሳይቀንስ በግድ ቢገፋ፣ ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ይዞራል፤ ሙቀቱ በበዛበት ሰዓት ነፋሱን ያሳጣዋል ማለት ነው። አንዳንድ ጎበዝ ማርሽ መቀነስን እንደ ሽንፈት ይቈጥረዋል። ነገር ግን ዳገትን በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ ሰው ዘግይቶም ቢሆን ይደርሳል፤ በትዕቢት የወጣው ግን ሞተሩ ተጣብቆበት መንገድ ዳር ይቀራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለምን?

የሚቀረው ጥንቃቄ ሁሉ ትንንሽ ነው። በየጧቱ ዘይቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ዘይት ብረትን ከብረት ከማስማማቱም በላይ ሙቀትን ተሸክሞ የሚያወጣ አገልጋይ ነውና። አቧራና የፈሰሰ ዘይት በስስ ብረቶቹ መካከል ሲጋገር፣ ሞተሩን በግንቦት ፀሐይ ጋቢ እንደ ማልበስ ስለሚሆን ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይገባል። ካንዴላውንም ፈትቶ ማየት ጥሩ ነው፤ ጫፉ ቡናማ ከሆነ መልካም፣ ነጭ ከሆነ ግን ሞተሩ ከልክ በላይ እንደሚግል ይመሰክራል። ከዳገት በኋላ ሞተሩን ድንገት ከማጥፋት ጥቂት በዝግታ ማስነሣት ይሻላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማልና። በጋለ ሲሊንደር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይሰነጠቃል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ የሚረዳው ከቃጠሎው በፊት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ዕረፍት ነው። ከወጣቱ ጋር ውል ስንዋዋል ይህን ሁሉ አስረድቼው፣ በሙቀቱ ወራት ከቀኑ 7 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሞተሩን በጥላ ያሳርፍ ዘንድ ጠየቅሁት። በጨዋነት አዳመጠኝና፣ «ጋሼ፣ ሞተሩ ዕረፍት ያስፈልገዋል ይላሉ፤ የማታው ሒሳብ ግን ዕረፍት አያውቅም» አለኝ።

ይህ ንግግር ከብዙ የፊዚክስ ትምህርት ይበልጥ ነበር። የዕለቱ ገንዘብ በብርድም በሙቀትም አንድ ከሆነ፣ ሹፌሩ ያጎደለውን ለመሙላት በቀትር ይሮጣል፤ አራተኛ ሰው ይጭናል፤ ዘይት የሚቀየርበትን ቀን ያሳልፋል። ባለንብረቱ በወንበሩ ተቀምጦ የጨመረው ጫና በሹፌሩ አልፎ መጨረሻው ብረቱ ላይ ነው። ብረት ደግሞ ልመና አይሰማም።

ስለዚህ በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ከዕለቱ ገንዘብ የሁለት ሰዓቱን ያህል ቀንሰን ተዋዋልን። አንድ ሌላ ባለንብረት ይህን ሰምቶ፣ «ሹፌር ታበላሻለህ፤ ነገ ደግሞ የክረምቱን ይለምንሃል» ብሎ ሳቀብኝ። እርሱም ያለ ምክንያት አልተናገረም፤ ገንዘቡ በእርግጥ ጎድሏል፤ የጡረታ ደመወዝም ሰፊ አይደለም። ቢሆንም ወጣቱ በቀትር ከኒም ዛፍ ሥር ጋደም ሲል፣ የሚያርፈው ሞተሩ ብቻ እንዳልሆነ አያለሁ። ከዚያ ወንበር በታች የሚነደው ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሚነካው ሰው እርሱ ነው።

እንግዲህ ሠራተኛ ያለህ፣ የጫንኸው ያለህ፣ አንባቢ ሆይ፤ «ዕረፍት አድርግ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ምክሩ ዕውነተኛ የሚሆነው የዕረፍቱን ዋጋ ከመካሪው ኪስ ያወጣህለት ቀን ነው።