ጠቢብና ጠይብ፤ ከካይሮ የአሮጌ ዕቃ ገበያ



ባለፈው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለሦስታችን አንድ ጥያቄ ቀርቦልን አዳራሹ በሣቅ ተሞልቶ ነበር። ጥያቄውም «እናንተ የሕክምና ተማሪዎች ዓርብ ዓርብ ከካይሮ ቆራሌዎች ጋር እየዋላችሁ የዛገ ብረት የምትለቅሙት ዶክተርነቱ አላዋጣ ብሎ ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው በቀልድ መልክ ይቅረብ እንጂ ቁም ነገር ያዘለ ስለ ሆነ መልሱን በሁለት ቃል ከምንጨርሰው በዚህ መጽሔት ላይ አስፍረነው ሁሉም እንዲወያይበት መርጠናል።

በቅድሚያ የምንለቅመው ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። የምንፈልገው መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያ፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ፣ ስኳድራና ሞርሳ ነው። በአጭሩ ኤሌክትሪክ የማይፈልጉ፣ የሰው ክንድ ብቻ የሚያንቀሳቅሳቸው፣ ከእኛ ዕድሜ እጥፍና ከዚያም በላይ የኖሩ የእጅ መሣሪያዎች ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፈተናና ከሆስፒታል ተረኛነት በተረፈችን ጊዜ ስንፈልጋቸው ቆይተናል።

በካይሮ መንደሮች ጋሪ እየገፋ አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ሰው ጥሪ «ሮባቢክያ!» የሚል ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን አሮጌ ዕቃ ማለት ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ የሠፈሩ «ቆራሌው!» ትዝ ሳይለው አይቀርም። የመርካቶን ምን አለሽ ተራ የሚያውቅም ሰው ግብፆች ሱቅ ኤል-ጉምዓ፣ ማለትም የዓርብ ገበያ በሚሉት ቦታ እንግድነት አይሰማውም። እኛ በሄድንባቸው ዓርቦች በሰይዳ ዓይሻ በኩል ከጥንቱ የመቃብር ሥፍራ አጠገብ ሸራ ተነጥፎ፣ የበር ቁልፍ ከስልክ ቀፎ፣ ጫማ ከእርግብ ጎን ለጎን ሲሸጥ አይተናል። ቡላቅ ውስጥ ሰብቲያ የሚባለው የብረታ ብረትና የመሣሪያ ሠፈርም ሌላው መዋያችን ነው። አንድ ዕቃ በአንዱ ስናጣ ወደ ሌላው እንሻገራለን።

የቋንቋውም ነገር የሚያስደንቅ ነው። እኛ ፋስ የምንለውን መጥረቢያ እነርሱ ፋእስ ይሉታል፤ ሞረድን መብረድ ይሉታል። መላጊያውን ግን «ፋራ» ብለው በአይጥ ስም ይጠሩታል፤ እንጨቱ ላይ ሽው ብላ የምትሮጥ አይጥ መስላ ታይታቸው ይሆናል። በእኛ አገር ጋራዦች ደግሞ ካቻቢቴው፣ ፒንሳውና ሞርሳው የጣልያን ስም እንደ ያዙ ቀርተዋል። መሣሪያ የሚጓዘው ከእነ ስሙ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደ ሠራም ይመሰክራል።

የብረቱም ታሪክ እንዲሁ በላዩ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዝገቱ ሲጠረግ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ስም የእንግሊዝ አገሩ ሸፊልድ ነው። በዚያ ከተማ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ብረትን በሸክላ ጋን ውስጥ አቅልጦ ወጥ የሆነ አረብ ብረት የሚያወጣበትን ዘዴ አስገኘ። ለሰዓት ሞላ የሚሆን ጥሩ ብረት ፈልጎ የጀመረው ሥራ ለመላው ዓለም መጋዝና መሮ ተረፈ። በአንዳንዱ መሣሪያ ላይ ደግሞ ስለታም ጫፉን ወደ ላይ ያቀና የቀስት ምልክትና ዓመተ ምሕረት ተቀርጾ ይታያል፤ ይህ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት መሆኑን የሚያመለክት ማኅተም ነው። እንግሊዞች ግብፅን የያዙት እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሆን ጦራቸው ጠቅልሎ የወጣው በ1956 ነው። ጦሩ ሄደ፣ ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፤ መዶሻው ግን በግብፃዊው አናጢ እጅ ላይ ቀርቶ ሥራውን ቀጠለ።

አመራረጡን በተመለከተ መምህራችን አንድ ሽማግሌ ሻጭ ናቸው። በወጣትነታቸው አናጢ ነበሩ፤ አሁን ዓይናቸው ስለ ደከመ ሸራቸው ላይ ተቀምጠው ይሸጣሉ። መጀመሪያ ያገኘናቸው ዕለት የአንድ መሮ ዋጋ በዝቶብን «ያ ሐጅ፣ ዝገቱን አይተው ቀነስ ያድርጉልን» ብንላቸው፣ «ያ ዶክቶር፣ የነገርኳችሁ የብረቱን ዋጋ ነው፤ ዝገቱን በነፃ ውሰዱት» ብለው አሣቁን። ከዚያ በኋላ ግን ሳይሰለቹ አስተማሩን። ዝገት ሁሉ አንድ አይደለም። ላይ ላዩን የለበሰው ቀይ ዱቄት ይጠረጋል፤ ብረቱን በልቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገው ግን አይመለስም። በተለይ በመሮ ጠፍጣፋ ጀርባ ላይ ጉድጓድ ከታየ መተው ነው፤ ስለት ማለት የሁለት ገጾች መገናኛ ስለ ሆነ አንዱ ገጽ ከተበላሸ ስለቱም አይቀናም። መጋዝን እንደ ጠመንጃ ከዓይን ጋር አስተካክሎ ርዝመቱን ማየት፣ ለጠጥ አድርጎ መልቀቅና ቀጥ ብሎ መመለሱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የብረት መላጊያን በጣት ጥፍር ኳ ማድረግ ነው፤ ደኅናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። እኛም ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን፤ በዚያው ሳምንት በሆስፒታል የሕመምተኛን ደረት በጣት እየመታን አየርንና ውኃን በድምፅ መለየት እየተማርን ነበርና።

የገዛነውን የምናጸዳው በኪራይ ቤታችን በረንዳ ላይ ነው። የእንጨቱን እጀታ ነቅለን ብረቱን አንድ ሌሊት በኮምጣጤ እንዘፈዝፋለን፤ በማግሥቱ በብሩሽ ፍቀን፣ አሲዱ እንዳይቀጥል በሶዳ ውኃ አጥበን፣ አድርቀን ዘይት እንቀባዋለን። እጀታው በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ በኋላ የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው፤ በጾም ቀን የምናውቀው ተልባ እዚህም አልተለየንም። ይህን የሚሞክር ወንድም ወይም እኅት ቢኖር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚፈጥር ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ዘርግቶ ማድረቅ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ከሕክምና ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል ለሚለን፣ አንድ ቀን የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ ጠረጴዛውን እንዲያይ እንጋብዘዋለን። መጋዝ አለ፣ መዶሻ አለ፣ ሞረድ አለ፣ መሰርሰሪያ አለ፣ መሮም አለ። የራስ ቅል መብሻ የነበረው በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ከአናጢው ጋር መንታ ነው። የአናጢው መሮ ስለቱ የሚሞረደው በአንድ ጎን ሲሆን ኦስቲዮቶም የሚባለው የአጥንት መቁረጫ በሁለቱም ጎን ይሞረዳል፤ ልዩነታቸው ይኸው ነው። ዱልዱም መሣሪያ ከስለታም ይልቅ አደገኛ መሆኑም በሁለቱም ሙያ አንድ ነው። የዶለዶመ መሰርሰሪያ በጉልበት ሲገፋ አጥንቱን ያግለዋል፤ ሙቀቱ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለአንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ የአጥንቱ ሕዋስ ሊሞት ይችላል። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኮርዶባው ሐኪም አል-ዘህራዊ በጻፈው ታላቅ የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን በሥዕል አስቀምጧል። መሣሪያውን በሥዕል ያስቀመጠው ሠሪው አይቶ እንዲሠራው፣ ተማሪውም አይቶ እንዲያውቀው ነው። ያለ ብረት ሠሪ እጅ የእርሱም ዕውቀት በወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዐረብኛ ሐኪም «ጠቢብ» ይባላል። ሆስፒታል ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ የምንሰማው ቃል ነው። በግዕዝና በአማርኛም ጠቢብ ማለት ዐዋቂ፣ ብልህ፣ በሙያው የተካነ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከዚያው ሥር የወጣውን «ጠይብ» የሚለውን ቃል ኅብረተሰባችን ምን እንዳደረገው እናውቃለን። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ማጭዱን የሚያሾለው፣ የምንበላበትን ሸክላ የሚሠራው ሰው በዚህ ቃል ተሰድቧል። ቡዳ ነው ተብሎ ተፈርቷል፤ ከጋብቻ ተከልክሏል፤ በብዙ ቦታም ርስት አጥቷል። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ከአፍ ቢቀንስም ከልብ አልወጣም። አንዱ ጠቢብ ነጭ ካፖርት ለብሶ ወንበር ሲለቀቅለት፣ ሌላው ጠይብ ተብሎ ከማዕድ ይርቃል። የቃሉ ሥር አንድ ነው፤ ሁለት ያደረግነው እኛ ነን።

ይህ ለእኛ ከመጽሐፍ የተገኘ ነገር አይደለም። ከሦስታችን የአንዱ አባት ደሴ ከተማ አናጢ ናቸው። ልጃቸውን አሳድገው ለነፃ የትምህርት ዕድል ያበቁት በመጋዝ ነው። ነገር ግን መጋዙን አንድም ቀን አላስነኩትም። «አንተ ተማር፤ እንደኔ እንጨት ተሸክመህ ሰው ፊት አትዋረድ» ይሉት ነበር። በሙያቸው እንዲያፍሩ ያደረጋቸው ሙያው እንዳልነበረ እርሳቸውም ያውቁታል።

ባለፈው ዓመት የኪስ ገንዘባችን በዘገየበት ወር አንድ የጥንት ዕቃ ነጋዴ ወደ ቤታችን መጣ። ያጸዳናቸውን ሠላሳ አራት መሣሪያዎች በሙሉ ገዝቶ ለካፌና ለሆቴል ግድግዳ ማስጌጫ ሊያደርጋቸው ፈለገ። የሰጠን ዋጋ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ይሸፍናል። በዚያች ሳምንት ከፉል በቀር ሌላ ነገር አልበላንም ነበርና ክርክሩ ቀላል አልሆነም። አንዳችን «ሆድ ባዶ ሆኖ ፍልስፍና አይሆንም፤ ይሸጥ» አለ። ሌላው «ስለቱን አድሰን ግድግዳ ላይ ልንሰቅለው ነው ወይ?» አለ። የአናጢው ልጅ ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ «የሚሠራው አይሸጥም፤ የማይሠራው ያስጊጥ» አለ። ሌሊቱ ሳይነጋ በዚህ ተስማማን። የተሰነጠቁትንና የጎበጡትን ስምንቱን ሸጠን የወሩን ኪራይ ከፈልን፤ ለቀረው ከሌሎች ተማሪዎች ተበደርን። ሃያ ስድስቱ በክረምት ዕረፍት ደሴ ገቡ።

አባቱ በስልክ ያሉትን ሁላችንም ሰምተናል። አንዱን የሸፊልድ መጋዝ ሞክረው «ልጄ፣ ይህ መጋዝ ዐዋቂ እጅ ላይ ኖሮ የመጣ ነው» አሉ። ቀጥለውም ዝገቱን ማን እንዳስለቀቀው ጠየቁ። ልጃቸው «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ። ጥቂት ዝም አሉና «እንግዲያው ስትመጣ ጥርሱን አወጣጥ አሳይሃለሁ» አሉት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የተዘጋ በር በዚህ ተከፈተ። ዛሬ እነዚያ መሣሪያዎች እርሳቸው በሚያሠለጥኗቸው ወጣቶች እጅ ናቸው።

ስለዚህ ውድ ወገኖቻችን፣ ዓርብ ዓርብ የምንውልበት ነገር የአሮጌ ዕቃ ፍቅር ብቻ አይደለም። በልምምድ ላይ በነበርንበት አንድ የአገራችን ሆስፒታል፣ መንኮራኩሩ የወለቀ የሕመምተኛ አልጋና አንድ ብሎን የጎደለው የቀዶ ሕክምና መብራት በመጋዘን ተከማችተው አይተናል። ጠጋኝ እጅ ቢገኝ ሁለቱም በግማሽ ቀን ሥራ ይመለሱ ነበር። ዶክተርና መሐንዲስ፣ ኢኮኖሚስትና የሕግ ዐዋቂ ሆነን ስንመለስ ካቻቢቴ መያዝን እንደ ውርደት የምንቆጥር ከሆነ፣ ያ መጋዘን እየሞላ ይሄዳል እንጂ አይጎድልም።

በበኩላችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ክፍል የሚበቃው ተማሪ ሁሉ ቢያንስ አንድ መሣሪያ መሳልና መጠገን ይልመድ፤ በረንዳችን ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ቤተሰቦቹ ባለ እጅ የሆኑ ተማሪ ይህን ሳያፍር ይናገር፤ ከእነርሱ የተማረውንም በዚህ መጽሔት ይጻፍልን። ሦስተኛ፣ በዘንድሮው ዕረፍት ወደ አገር ቤት የምትሄዱና በሻንጣችሁ ቦታ የሚተርፋችሁ አስቀድማችሁ አስታውቁን፤ ለእያንዳንዳችሁ ሁለትና ሦስት መሣሪያ በጨርቅ ጠቅልለን እንሰጣችኋለን። ስለት ያለው ዕቃ በእጅ ሻንጣ አይያዝም፤ አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ።