እፍኝ ስንት ግራም ነው?

በእኛ ቋንቋ ልኬት ከሰውነት ይጀምራል። ጨርቅ በክንድ፣ ገመድ በስንዝር፣ ጥሬ በእፍኝ፣ ጨው በቁንጥር ይለካል። ከገበያ በኪሎ የተገዛ እህል እንኳ የጓዳውን ደፍ ከተሻገረ በኋላ ኪሎነቱን ይረሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዳኛው የባለ ጓዳዋ እጅ ነው።

እኔ ደግሞ እንጀራዬ ከቁጥር ነው። ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ መቁጠር ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በእኛ ሥራ «ገደማ» የሚባል ቃል የለም። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለች ብር ካለች እስክትገኝ ድረስ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። የእናቴ ጓዳ ግን ከዳር እስከ ዳር በ«ገደማ» የቆመ ቤት ነው። ጨው ስንት ይግባ ስላት፣ «እስኪጥምህ»፤ ውሃውስ ስላት፣ «እስኪበቃው»፤ ስንት ደቂቃ ይቆይ ስላት ደግሞ፣ ሰው እንዴት ይህን ይጠይቃል በሚል ዓይን እያየችኝ፣ «እስኪበስል ነዋ!» ትለኛለች።

ባንክ ቤት የሚውል ወንድ ልጅ የጨው መጠን ምን አስጨነቀው ትሉ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ታናሽ እኅቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ካገባች በኋላ ስድስት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ቆይታ፣ በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደወለችና፣ «ወንድም ጋሼ፣ እማዬን አቅርብልኝ» አለችኝ። እናቴ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ምንም ሳትነግረኝ፣ ዘንድሮ ነጭ ገብስ በኩንታል ስንት እንደ ገባ ጠየቀችኝ። እኔም ሌላ ነገር አልጠየቅኋትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤታችን ወሬ ጉዞ ሆነ። እናቴ የልጇን የአራስነት ወራት አጠገቧ ሆና ልታሳልፍ፣ ገንፎውን በገዛ እጇ ልታገነፋላት፣ አጥሚቱን ልታጠጣት ነበር። ኅዳር ሲገባ ግን አንድ ማለዳ ከመኝታዋ ስትነሣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ነፍሷም አንደበቷም ተረፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እጇ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። የጉዞው ነገርም በዚያው ቀረ።

ለገንዘቡ ከብዙ ዘመን በፊት አስባበት ነበር፤ ያንን ያወቅሁት በ2013 ዓ.ም. መስከረም፣ የብር ኖቶች የተቀየሩ ጊዜ ነው። ያን ሰሞን በመስኮቴ ያለፈው ገንዘብ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም። የነጋዴው ብር ላስቲክ ላስቲክ፣ የገበሬው ጭስ ጭስ፣ የእናቶች ብር ግን ጓዳ ጓዳ ይሸት ነበር። ቅቤ የጠጣ ኖት፣ ነጭ አዝሙድ የተሸሸገበት ኖት፣ ሲገልጡት የሚያስነጥስ ኖት ቆጥሬአለሁ። አንድ ማታ ወደ ቤት ስመለስ እናቴ የሽሮ እንስራዋን ከፊቷ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ክንዷን እስከ ክርኗ አስገብታ በላስቲክ የተጠቀለለ 8,400 ብር አወጣች። «ምን ልታደርጊበት ነበር?» አልኋት። «ለልጄ አራስ ቤት» አለች። እኅቴ ያን ጊዜ ገና ካገባች ሁለት ዓመቷ ነበር። በማግስቱ ያን ገንዘብ እኔው ራሴ ቀየርሁላት፤ ጠረጴዛዬ ቀኑን ሙሉ በሶብላ ሲሸት ዋለ።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ያ ገንዘብ፣ የእኔም ጥቂት ተጨምሮበት፣ ገብስ፣ አጃ፣ ማርና ቅቤ ሆነ። እናቴ መሄድ ካልቻለች እጇ ይሂድላት ተባባልን። ነገር ግን እጅ እንዴት ተደርጎ በሻንጣ ይላካል? እኅቴ በስልክ፣ «በግራም ንገሩኝ፣ እዚህ ሚዛን አለኝ፤ የሚሠራውም ባሌ ነው፤ እርሱ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር አያውቅም» ትላለች። እናቴ፣ «ሁለት እፍኝ ዱቄት በያት» ትለኛለች። በመካከላቸው የቆምሁት እኔ ነኝ፤ አንዱን ገንዘብ ወደ ሌላው መመንዘር ሥራዬ አይደል?

ገንፎ ለማያውቀው ሰው ዱቄት፣ ውሃና ጨው ነው። የእናቴ ገንፎ የሚጀምረው ግን ከገብሱ ነው። አገሯ ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለ ነገር አልተተከለበትም እያለች በራሷ አገር ትቀልዳለች። በዚያ ደጋ ገብስ ንጉሥ ነው፤ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከእርሱ ነው። ለገንፎ የሚሆነው ነጩ ገብስ ይፈተጋል፤ ሽታው ቤቱን እስኪሞላ፣ መልኩ ግን ሳይጠቁር ይታመሳል፤ ከዚያ ተፈጭቶ ይነፋል። ውሃው ከጨው ጋር ሲንተከተክ ጥቂቱ ተቀድቶ በጎን ይቀመጣል፤ እኛ ባንክ ቤት መጠባበቂያ የምንለው ዓይነት ነው። ዱቄቱ በአንድ ጊዜ አይገለበጥም፤ እየተነሰነሰ ይማሰላል። ጓል የታየ እንደሆነ በድስቱ ከንፈር ላይ ይደፈጠጣል። ከጠጠረ ከተቀመጠው ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ክንድ ሲዝል አይቆምም፤ የገንፎ ጣዕም ያለው ክንድ ከዛለ በኋላ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ትላለች እናቴ።

ሲበስል ደግሞ ይናገራል። ጥሬው ፈጠን ፈጠን እያለ ቀጭን ድምፅ ያሰማል፤ የበሰለው ግን እንደ ደከመው ሽማግሌ ቡፍ... ብሎ፣ ዝም ብሎ፣ እንደ ገና ቡፍ... ይላል። ያን ጊዜ ወደ ሳሕን ይገለበጣል፤ መካከሉ በረጠበ ማንኪያ ይጎደጎዳል፤ ንጥር ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል፤ ከዳር እየተነሣ በቅቤው እየተጠቀሰ ይበላል። እኅቴ ስትወለድ አምስት ዓመቴ ነበር። የሰፈሩ እናቶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ሲገቡና ሲወጡ፣ እኔ ከአልጋው ግርጌ ተደብቄ ያን የቅቤ ጉድጓድ እጠብቅ ነበር። እናቴ ሰዉ ዘወር ሲል ማንኪያዋን ወደ እኔ ትዘረጋለች። የአራስ ገንፎ የሚጣፍጠው ለአራሷ ሳይሆን ለታላቅ ልጇ ነው፤ ይህን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

አባቴ ወደ ገንፎው አይጠጋም ነበር፤ እርሱ የሽሮና የጠላ ሰው ነው። ከሥራ ሲመለስ በሸክላ እየተንተከተከች የመጣች ሽሮ፣ አጠገቧ ዋንጫ ሙሉ ጠላ ካላየ እራት የበላ አይመስለውም። እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾውንና ብቅሉን ራሷ ትጠነስስ ነበር። ጭሱ ጠላው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ለእኛ ለልጆቹ የምትቀዳልን ቅራሪ እንኳ ወይራ ወይራ ይል ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ ጋኑን አፉን ደፍታ ከማጀት ጥግ አቆመችው። ለምን አትጠምቂም ብንላት፣ «ጠላ ለአንድ ሰው አይጠመቅም» አለች። እኔ መጠጣቴን ታውቃለች፤ እንደ ሰው ሳትቆጥረኝ ቀርታ አይደለም።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ መጣሁ። እናቴ ሁለት መዳፎቿን ገጥማ ወደ ዱቄቱ ሰደደች። እነዚያ መዳፎች ሲገጥሙ ውሃ እንኳ አያፈሱም ነበር፤ በልጅነቴ ፊቴን ያጠበችኝ በእነርሱ ነው። አሁን ግን ቀኙ ከግራው አልገጥም ብሎ ዱቄቱ በመካከላቸው ፈሰሰ። ሚዛኑ 70 ግራም አለ። ዱቄት የነካው እጇን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ የእኔ አይደለም» አለች፤ እጁን ይሁን እፍኙን አልጠየቅኋትም።

«ያንተን አምጣ» አለችኝ ቆይታ። በሁለት እጄ ዘግኜ አፈሰስሁ፤ 210 ግራም። ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። «ያንተ እፍኝ የገዢ ነው፤ የእኔ የሻጭ ነበር። ቀንስ!» አለች። በማንኪያ እየቀነስሁ ክምሩን አሳየኋት። ቁጥሩን ቀና ብላም አላየችው፤ የምታየው የዱቄቱን ጫፍ ነው። «ቀንስ... አሁንም... ተው፣ አበዛኸው፣ ትንሽ መልስ... በቃ!» አለች። ሚዛኑ 160 ይላል። ሦስት ጊዜ አፍርሼ እንደ ገና ሰፈርሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ 160ን በአምስት ግራም ቢያልፍ ወይም ቢያንስ እንጂ አልራቀም። ሃያ ዓመት የቆየ ገንዘብ ያዥ እንኳ እንዲህ አይቆጥርም።

እኔም ጻፍሁ፦ የገብስ ዱቄት 320 ግራም። ውሃ አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፤ ሩቡ ለመጠባበቂያ። ለአጥሚቱ የአጃ ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጥበጥ፤ ከዚያ በሚፈላው ውሃ ላይ እየተማሰለ ይፍሰስ፤ ማርና የቅቤ ጠብታ መጨረሻ ላይ። ሁለቱ አይነጣጠሉም፤ ገንፎው ወገብ ያቆማል፣ አጥሚቱ ጡት ያወርዳል ትላለች እናቴ። «እስኪበስል» የሚለውን ግን ወደ ደቂቃ መመንዘር አቃተኝ፤ በቅንፍ ውስጥ «ቡፍ እስኪል» ብዬ ጻፍሁት። ከወረቀቱ ጀርባ ደግሞ በዚያው ሌሊት የመጣችልኝን ሁለት ስንኝ አስቀመጥሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልቀጠለችልኝም፦

ሚዛኑ ነገረኝ የእፍኝሽን ልክ፣
ማን ይነግረኝ ይሆን የጣትሽን መልክ።

ሻንጣው በሚሄድ ሰው ተላከ። ሰውየው ከተፈቀደለት 23 ኪሎ ላይ ሰባቱን ለእኛ የለቀቀልን፣ እናቴ ስለ ገንፎው ከነገረችው በኋላ ነው።

ልጅቷ በየካቲት መጨረሻ ተወለደች። ጾሙ ገብቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ እዚያ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን ደወሉ። በስልኩ መስኮት የሚታየው አማቻችን ነው፤ መነጽሩ በእንፋሎት ታፍኖ፣ የእኔን ወረቀት መሳቢያው ላይ ለጥፎ ያማስላል። «እማማ፣ ሃያ ደቂቃ ሆነው፤ ላውጣው?» አለ። እናቴ ማየቱን ትታ፣ «ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋው» አለችው። ከእጄ ላይ ወስዳ በግራ እጇ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው። ቤቱ ጸጥ አለ። የሚሰማው ፈጠን ፈጠን የሚል ቀጭን ድምፅ ነው።

«ገና ነው» አለች። «አትቁም ልጄ፣ አማስል።»

አማሰለ። እኔ የስልኩን ሰዓት አያለሁ፤ እርሷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ ሆኖ በዝግታ ይዞራል። ከዘጠኝ ደቂቃ በኋላ ይመስለኛል፣ ቡፍ ሲል እኔም ሰማሁት። እናቴ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አላመነችውም፤ ሁለተኛውን ጠበቀች።

«አሁን ገልብጠው» አለች። «ቅቤውን ደግሞ እንዳትሰስት። የማን ቅቤ ነው የምታደርግለት፣ የላክሁት ነው ወይስ የሱቁ?»