አበባ ጎመን በጓሮዬ

የጓሮ አትክልት ሲነሣ በብዙዎቻችን ኅሊና ቀድመው የሚመጡት ሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያና ድንች ናቸው። አበባ ጎመን ግን የሆቴል ምግብ ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር በጓሮው የሚያለማው ሰው ጥቂት ነው። እኔ በአዲስ አበባ ከቤቴ ጀርባ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ከዘሩ ጀምሬ ሳበቅለው ዓመታት ተቆጥረዋል። በዚህ ድርሰት የምገልጸውም ከዚህ ሥራ ያገኘሁትን ትምህርት ነው።

በመጀመሪያው ዓመት እናቴ ሐሳቤን አልተቀበሉትም። «ልጄ፣ ሐበሻ ጎመን ቅጠሉን ሲቀነጥሱት ሌላ ቅጠል ይተካል። ይህ ግን ወራት ሙሉ መሬት ይዞ ከርሞ አንድ ቀን ብቻ የሚበላ ነው» አሉኝ። የቤታችን ወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያች መሬት ይወጣ ስለ ነበር ክርክራቸው ሚዛን የሚደፋ ነበር። ስለሆነም ሲሶውን ብቻ ለአዲሱ ተክል ሰጥቼ የቀረውን እንደ ነበረ ተውሁት።

ዘሩን የምዘራው የክረምቱ ዝናብ በሚቀንስበት በመስከረም አጋማሽ ነው። መልኩም ሆነ መጠኑ ከጎመን ዘር እምብዛም አይለይም። በሣጥን ውስጥ አፈር፣ አሸዋና በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅዬ፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ባለው ፈር ላይ አሳስቼ እበትነውና አፈር አለብሰዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ችግኙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ አራት ወይም አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ወደ መደቡ አዛውረዋለሁ። በችግኝና በችግኝ መካከልም 50 ሴንቲሜትር ያህል ርቀት እተዋለሁ።

አበባ ጎመን ከጥቅል ጎመን ጋር የአንድ ዝርያ ተክል ነው። ልዩነቱ ግን የምንበላው ነጭ ራስ ቅጠል ሳይሆን ገና ያልፈካ የአበባ ጅማሮ መሆኑ ነው። የተክሉ ጠባይ የሚመነጨውም ከዚህ ነው። ችግኙ ሳይዛወር ከዘገየ ወይም በዕድገቱ ወራት ውኃ ከጠማው፣ ቅጠሉን ሳያሰፋ ራስ ለማውጣት ይቸኩላል፤ ራሱም ከእንቁላል ብዙም ሳይበልጥ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ውኃ ቢያጠጡት ያለፈውን ጊዜ አይመልስለትም። ራስ በሚያወጣበት ወቅት የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚደርስ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ሙቀት ሲበዛበት ራሱ ይላላል። የአዲስ አበባ አየር የሚመቸውም ስለዚህ ነው።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ውኃ በየጊዜው ይቋረጥብን ጀመር። መደቡም መድረቅ የለበትም። በዚህ ጊዜ የተቃወሙኝ እናቴ አትክልት ያጠቡበትን ውኃ ሳይደፉ እያጠራቀሙ ማታ ማታ ለችግኞቹ ያጠጡ ነበር። እኔም ጠዋት ጠዋት የቅጠሉን ሥር እየገለጥሁ ክሽክሹንና ትሉን በእጄ እለቅም ነበር። ራሱ እንቁላል ሲያህል የውጪዎቹን ቅጠሎች ሰብስቤ ከላይ በገመድ አሰርኋቸው፤ ፀሐይ ካገኘው ነጭነቱ ወደ ቢጫነት ይለወጣልና።

ጥር ላይ የመጀመሪያው ራስ ደረሰ። እናቴ ከካሮትና ከድንች ጋር አልጫ ሠሩት። በዙሪያው የነበሩትን ለስላሳ ቅጠሎች ግን እንድጥላቸው አልፈቀዱም፤ ከትፈው እንደ ጎመን ቀቀሏቸው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ይበላል የተባለው ተክል ሁለት ጊዜ ከማዕድ ቀረበ። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን ልጨምር ስል «ሲሶው ይበቃዋል» አሉኝ። እኔም ተስማማሁ።

ሐበሻ ጎመን ታጋሽ ተክል ነው፤ ዛሬ ቢረሱት ነገ ሲያጠጡት ያገግማል። አበባ ጎመን ግን ቀን ይቆጥራል። ሳይደርስ ቢቆርጡት ትንሽ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ቢያቆዩት ራሱ ተበትኖ ያብባል። ትዕግሥት ማለት እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው የሚሉ አሉ። አበባ ጎመን ያስተማረኝ ትዕግሥት ግን የየዕለቱን ሥራ በየዕለቱ እየሠሩ መጠበቅን ነው።